ፉልመቲ የቀረችበት ማለዳ

ዳማያንቲ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ከማድ ቤት ወደ ግቢው በር፣ ከበሩ ወደ ሙሽራዋ ክፍል ትመላለሳለች፤ መንገዱን አይታ ትመለስና እንደገና ልታይ ትወጣለች። ዳሱ ተጥሏል፣ የሙዝ ግንዶቹ በማዕዘኖቹ ቆመዋል፣ ልጇ ኢንዱ እርድ ተቀብታ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆና ተቀምጣለች። የቀረችው ፉልመቲ ብቻ ናት።

ፉልመቲ የመንደሩ ልብስ አጣቢ ናት። በሌላው ቀን ከከፍተኛዎቹ የካህናት ወገኖች፣ ከብራህሚኖች ደጃፍ ቆሻሻውን ልብስ በጥቅል ተቀብላ ትሄዳለች እንጂ ደፉን አታልፍም። በሠርግ ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባሏ በሕይወት ያለ አጣቢ የፀጉሯን ጫፍ በቀዩ የሲንዱር ዱቄት ነክራ የሙሽራዋ ፀጉር ለሁለት የተከፈለበትን መስመር ካልቀባች፣ ሙሽራዋ በቶሎ መበለት ትሆናለች። በጥንት ዘመን አንዲት አጣቢ፣ መበለትነት የተጻፈባትን የብራህሚን ልጅ የራሷን የትዳር ዕድል አካፍላ አድናታለች ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ምርቃት የሚገኘው ከአጣቢዎች ዘንድ ብቻ ነው።

ዳማያንቲ ይህን እንደ ተረት ልታልፈው አትችልም። ታላቅ እህቷ የተዳረችው የካምላ ወንዝ ሞልቶ አጣቢዋ መሻገር ባልቻለችበት ክረምት ነበር። ዓመት ሳይሞላት ባሏን ትኩሳት ወሰደው። ያን ጊዜ አምባሯን የሰበረች፣ እስከ ዛሬም ነጭ ለብሳ በወንድሟ ጓዳ የምትኖር ናት። መበለት ናትና ለዛሬው ሠርግ እንኳ አልተጠራችም።

ፉልመቲን እንድትጠራ የተላከችው የቤት ሠራተኛ ተመልሳ ፉልመቲ ደህና መሆኗን፣ ልብስ እየተኮሰች መሆኗንና እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ምክንያቱን ስትጠየቅ «እሜቴ ያውቁታል» ማለቷንም አከለች።

እሜቴ በእርግጥ ያውቁታል። ባለፈው ሳምንት ፉልመቲ የሠርጉን ልብስ ልትረከብ መጥታ፣ ፀሐይ ስላደከማት ከበረንዳው ጠርዝ ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ነበር። ከሄደች በኋላ ዳማያንቲ የመዳብ ማሰሮውን አንስታ የተቀመጠችበትን ሊነጻ በተቀደሰው የጋንጅስ ወንዝ ውሃ ረጨችው። እናቷም፣ አማቷም እንዲሁ ሲያደርጉ እያየች ነው ያደገችውና ያረጀችው፤ ደንቡ ግን ሰውየው ከዓይን እስኪሰወር መጠበቅ ነው። እሷ ቸኮለች። ፉልመቲ የረሳችውን መቀነት ፍለጋ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«እማዬ፣ እሷ ካልመጣች እኛ እንሂድላት» አለች ኢንዱ።

ዳማያንቲ እርድ የተቀባች የብራህሚን ሙሽራ አጣቢዎች ሰፈር ስትገባ ታይቶም ተሰምቶም እንደማያውቅ ነገረቻት።

«ታዲያ የምትመርቀኝም እሷ፣ የምታረክሰኝም እሷ? አንዱን ምረጪና እንገላገል።»

እናትና ልጅ ሻሽ ተከናንበው በማንጎው ዛፎች ሥር ወጡ። የዳማያንቲ አማት አልከለከሉም። የመዳብ ማሰሮውን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ።

ፉልመቲ ከአህዮቿ አጠገብ ቆማ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። ባሏ በገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያጨሳል። የመጡትን ሲያይ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

«ባሌ በሕይወት መኖሩን ሊያረጋግጡ ከሆነ ያውና እሜቴ» አለች ፉልመቲ። «ሥራ ሲጠራው ብቻ ነው የሚሞተው።»

ኢንዱ ሳቀች። ዳማያንቲ ግን ሰዓቱ እያለፈ መሆኑን፣ ቤት አዲስ ሳሪ እንደተዘጋጀላት ተናገረች። ፉልመቲ ካውያውን አስቀመጠች።

«ሳሪ አለኝ። እኔ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ያጠቡ ሰው፣ ፀጉሬ የነካውን የልጅዎን ራስ ምን ሊያደርጉት ነው?»

ዳማያንቲ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ልማድ ነው፣ ፉልመቲ።»

«ይሄም ልማድ ነው።» ኢንዱን አየቻት፤ ፊቷ ትንሽ ለዘብ አለ። «የሕፃንነት ጨርቋን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ምን አድርጋኝ እከለክላታለሁ? ግን እዚሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ። ሙሽራው የራሱን ሲንዱር እስኪቀባት ድረስም ራሷን ውሃ አይንካው። ከነካው ምርቃቱ ወደኔ ይመለሳል። እኔም ሴት ልጆች አሉኝ፤ ሜዳ ላይ አይወድቅም።»

እናቷ አዎ ሳትል ኢንዱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ፉልመቲ ሽበት የጀመረውን ፀጉሯን ፈታች፣ ጫፉን ከዱቄቱ ነከረች፣ ጎንበስ ብላ መስመሩን ቀባችና ግንባሯን ከልጅቷ ግንባር ገጠመች። ዳማያንቲ አንድ እግሯ ከግቢው ውጭ፣ አንድ እግሯ ከውስጥ ሆኖ ቀይዋን መስመር አየች፤ መሄድ ፈለገች፣ መቆምም ፈለገች።

ቤት ሲደርሱ አማቷ ማሰሮውን ይዘው በሩን ዘግተው ቆመዋል።

«የት እንደዋለች አውቃለሁ። ራሷን ዝቅ ታድርግ።»

ዳማያንቲ ማሰሮውን ከእጃቸው ተቀበለች። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሳታዘው ከልጇ ራስ በላይ ከፍ አለ። ማሰሮው ዘንበል አለ፣ ጥቂት ጠብታ ከኢንዱ እግር አጠገብ አቧራው ላይ ወረደ። ለዳማያንቲ የእህቷ ነጭ ሳሪ ታያት። አማቷን አልፋ ገባችና ውሃውን በሙሉ ከግቢው መሀል ከተተከለው ቅዱስ በሶብላ ሥር ደፋችው።

«ቤቱን አረከስሽው።»

«ለዛሬ ይርከስ፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ የልጇን ራስ መጠበቅ ሆነ። ጽጌረዳ ውሃ የሚረጩትን ሴቶች አባረረች፤ የካህኑን ፀበል በልጇ ፋንታ በገዛ ፊቷ ተቀበለች፤ አክስቶቹ አብዳለች ተባባሉ። የሙሽራው ከበሮ ከሩቅ ሲሰማ ያገኘችው ነገር ላይ ዘጭ አለች። የፉልመቲ ድንጋይ መሆኑን ያወቀችው ኋላ ነው። አልተነሳችም።

የተነሳችው ከካምላ ማዶ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ነው፤ ለኢንዱ ራስ ጃንጥላ ፍለጋ ሮጠች።