ሱቅ የተሸጠላቸው ስፒከሮች

ሰፈሩ ሁሉ «ባለጆሮው» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከግብር ቢሮ በቀር የሚጠራው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኖረው በጆሮው ነው፤ ዘፋኞች የቀዱትን ያመጡለታል፣ እሱ ከበሮውን ዝቅ፣ ጊታሩን ከፍ አድርጎ፣ የዘፋኙን ትንፋሽ ከቃሉ ለይቶ አመጣጥኖ ይመልስላቸዋል። በደጉ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ጉንፋን ሊይዘው መሆኑን ከዘፋኙ ቀድሞ ያውቅ ነበር ይባላል። ይህን የሚያወራው ራሱ ነው፣ ሌላ ምስክር የለውም። ጎበዝነቱን ግን የካደ ሰው አልነበረም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ድምፅ ሁሉ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስል ደበዘዘበት። ሌላው ሰው ዓይኑ ሲደክም መነጽር ያሠራል። ባለጆሮው ግን የገዛ ጆሮውን ከሚጠረጥር የወለደችውን እናት ቢጠረጥር ይቀለዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ ዕቃው ላይ ተደፋ። መጀመሪያ ገመዶቹን ለወጠ፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ በሳጥን የሚመጣ ገመድ። አንድ ሳምንት ድምፁ ጥርት አለለት፣ በሁለተኛው ተመልሶ ደበዘዘ። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ለወጠ፤ እሱም አንድ ሳምንት። ውድ ዕቃ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያዳምጠው የከፈለው ኪስ ነው፤ የጆሮ ተራ የሚደርሰው በኋላ ነው።

በዚህ መሃል ሥራው ተበላሸ። ቀጭኑ ድምፅ አልሰማው ስለሚል ይጨምርበታል፤ አሁንም አልሰማው ሲል ደግሞ ይጨምርበታል። ደንበኞቹ «ጋሼ፣ ጆሮ ይበሳል እኮ» እያሉ ሲመልሱለት ዓይኑን በጨው ታጥቦ «የሚበሳው የእናንተ ስልክ ነው» ይላቸዋል። እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው አንድ የቆየ የሙዚቃ አሳታሚ ብቻ ቀረው። እሱም ቁርጡን ነገረው።

«ይኼኛው ዘፈን እንደ ድሮው ካልወጣ ሌላ ሰው ጋ መሄዴ ነው። አትቀየመኝ።»

ባለጆሮው ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት።

«ስፒከሮቹ ናቸው ጉድ የሠሩኝ። ትክክለኛዎቹ ቢኖሩኝ በአንድ ቀን አስተካክዬ እሰጠዋለሁ። ያለበለዚያ አለቀልኝ።»

የጠራላት ዋጋ የሱቋ ዋጋ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የቆመችበት፣ ሁለት በር ያለው የጨርቅ ሱቅ። የመቀሱን መስቀያ ሚስማር ሳይቀር የመታችው በእጇ ነው። ሹካዋን አስቀምጣ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ይሁን» አለችና ሳህኖቹን አነሳች። በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ ተሸጠ።

ስፒከሮቹ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ከሰው ደረት ይደርሳሉ። አስመጪው የላካት ቴክኒሻን፣ ጠና ያለች ጭምት ሴት፣ ክፍሉን በሜትር ለክታ ስፒከሮቹን በጣት ስፋት ወደዚህ፣ በጣት ስፋት ወደዚያ ስታደርግ ባለጆሮው ከእግሯ ሥር አልጠፋ አለ። ከካርቶን የወጣ ዕቃ አይመለስም የሚለውን ወረቀትም ሳያነብ ፈረመላት።

«ለመሆኑ ዋጋቸው ይገባቸዋል?» አለች ሚስት በሩ ላይ ቆማ ባዶ ካርቶን እያጠፈች።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ ለአብዛኛው ሰው አይገባቸውም። በሩብ ዋጋ ጥሩ ስፒከር ይገኛል፤ ልዩነቱን የሚለይ ከመቶ አንድ ሰው የለም። የሚገባቸው እንደ ጋሼ ያለ ጆሮ ላለው ነው።»

ባለጆሮው ደስታው ከፊቱ አልፎ ትከሻው ላይ ታየ። ሚስቱ ካርቶኗን ማጠፍ ቀጠለች።

ቴክኒሻኗ ክፍሉ መሃል ማይክሮፎን አቆመች። «አሁን ከወፍራሙ ተነስቶ እስከ ቀጭኑ የሚወጣ አንድ ድምፅ እለቃለሁ፤ የት ላይ እንደሚጎድል ማሽኑ ይለካል። መጨረሻው ትንሽ ያማል፣ ጆሯችሁን ያዙ» ብላ የራሷን ጆሮ በወፍራም መሸፈኛ ደፈነች። ባለጆሮው ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ አሁን ጆሮውን ሊይዝ?

ድምፁ ከወለሉ ተነሳ። የጫማው ሶል ድረስ ተሰማው። ከዚያ እየጠራ፣ እየቀጠነ ሽቅብ ወጣ። ባለጆሮው ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ጥራት ሰምቶ አያውቅም፤ ሱቁም ይሁን ሌላው ቢሸጥ የማይቆጭ ጥራት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ለምን አቆምሽው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ቀጥይ እንጂ፣ ገና መንገድ ላይ ነው እኮ።»

ዓይኑን ገለጠ። ቴክኒሻኗ ማሽኗ ላይ አቀርቅራለች። ሚስቱ ካርቶኑን ጥላ በሁለት መዳፏ ጆሮዋን ደፍናለች፣ ፊቷ ተጨማድዷል።

ባለጆሮው ተነስቶ ስፒከሩ ሥር ተንበረከከ። ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያም ለጠፈው። ምንም የለም። ሌላኛውን ጆሮ አዞረ። እዚያም የለም።

«እንከን የለውም ጋሼ» አለች ቴክኒሻኗ መሸፈኛዋን እያወለቀች። «ከታች እስከ ላይ አንድ የጎደለ...» ቀና ስትል ተንበርክኮ አየችው። ቃሏን ሳትጨርስ ገመዷን ጠቅልላ፣ ለሚስት ብቻ እጅ ነስታ ወጣች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ ባለጆሮው።

«ማንቆርቆሪያው አጠገብህ እያፏጨ ጋዜጣ ስታነብ። ውሃው አልቆ ቂጡ እስኪቃጠል አልሰማህም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እያወቅሽ ነው ሱቁን የሸጥሽው?»

«እያወቅኩ። አንድም ‹ጆሮህ ነው› የሚለው ነገር ከእኔ አፍ እንዳይወጣ ብዬ። አንድም...» የጣለችውን ካርቶን አነሳች። «ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ። እባክህ ተሳስቼ ልሁን እያልኩ ነው የፈረምኩት።»

ተናደደባት። የሚናደድበት ሌላ ሰው አልነበረማ። ክንዷን ይዞ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ለአሳታሚው ያዘጋጀውን ዘፈን ከፈተ። «በይ ንገሪኝ። ምን ይመስላል?»

ስፒከሮቹ ዋጋቸው የሚገባቸው ነበሩ። ባለጆሮው የጨመረውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ አወጡት። ሚስቱ ንቅንቅ ሳትል ሰማች። ዘፈኑ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ቀና አለችና «ቆንጆ ነው» አለችው።

እጆቿን አየ። ወደ ጆሮዋ እንዳይሄዱ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል፤ ጣቶቿ ነጥተዋል።

አምፕሊፋየሩን አጠፋ። ስልኩን አንስቶ አሳታሚው ጋ ደወለ።

«ዘፈኑን ለሌላ ሰው ስጠው» አለው። «እኔ አይሰማኝም።»