ዳለቻው በር

ወሬ ሲቀድ የሚውል በመሆኑ ሰፈሩ «ቀዳጁ» ብሎ የሰየመው ቀለም ቀቢ፣ ስለ ዳለቻ ያልዋሸው ውሸት የለም።

«ድሮ አንዲት በቅሎ ነበረች» ይላል መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ። «ግማሽ ጎኗን ዝናብ አጥቦት፣ ግማሹን አቧራ አልብሶት፣ ጌታዋ ሊሸጣት ቢወጣ መልኳን ምን ብሎ ይጥራው? ሦስት ቀን ተጨነቀ። በሦስተኛው በቅሎዋ ራሷ ሰልችቷት ‹ዳለቻ በለኝና እንገላገል› አለችው።»

ዛሬ ግን ቀልዱ ከዳው። የሟች አጎቱ ሚስት፣ እትዬ፣ ከሆስፒታል ሲመለሱ የበራቸውን ቀለም ተላልጦ አገኙት። ዐይናቸው እየደከመ ነው።

«ዳለቻ ቀባልኝ፤ አጎትህ ይቀባው እንደነበረው። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንዴ ልየው» አሉት።

ቀለም መሸጫ ሄደ። ሻጭዋ ሳቀችበት። «ዳለቻ? ቆሻሻ ማለት አይደል እንዴ?»

ዳለቻ ለአያቱ የአህያ መልክ ነበር፤ ለእናቱ አልነጣ ያለ አንሶላ። ለዚች ደግሞ ስድብ ሆኖ አረፈው። ግራጫ ገዝቶ ቀባ።

«ይሄ አመድ ነው» አሉ እትዬ።

ቡናማ ጨመረበት።

«ይሄማ ዳማ ነው! ፈረስ ልታደርገኝ ነው?»

«በቅሎዋን ልጥራልዎት እንዴ እትዬ?»

«አፍህን ሰብስብ! አጎትህ እንዲህ አልነበረም የሚቀባው።»

እንዴት ነበር ታዲያ? ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። አጎቱ ሥራ በጨረሱ ቁጥር የቆርቆሮውን ትራፊ ሙልጭ አድርገው ጠርገው ጓሮ ያለች በርሜል ውስጥ ይከቱ ነበር። «የሰው ቤት ቀለም አይደፋም» ይላሉ። በዓመት አንዴ በርሜሏን አማስለው የራሳቸውን በር ይቀባሉ። የእሳቸው ዳለቻ ያ ነበር፤ አንዱ ዓመት ከሌላው የማይገጥም።

ቀዳጁ የራሱን ትራፊ ከየቆርቆሮው ለቃቅሞ፣ ደባልቆ ቀባ። እትዬ አፍንጫቸው በሩን ሊነካ እስኪቃረብ ተጠጉ።

«የሱን አይመስልም» አሉ።

ቀዳጁ ብሩሹን መልሶ አነሳ።

«ቆይ፣ ምን ምን አለበት?» አሉት እትዬ።

«የትምህርት ቤቱ አረንጓዴ፣ የክሊኒኩ ነጭ፣ የፀጉር ቤቱ ሰማያዊ፣ የዳቦ ቤቱ ቢጫ…»

«ቀስ በል እንጂ! እሱ እኮ አንድ በአንድ ነበር የሚነግረኝ።» ወንበር አስመጥተው ከበሩ ፊት ተቀመጡ። «የዳቦ ቤቱ የቱ ጋ ነው?»

ቀዳጁ ጎንበስ አለና አንዲት ቦታ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«እዚህ ጋ፣ እትዬ።»