የሚጢጢ እንባ

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው ራሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ እሱን ግን አንድም ቀን ከክፍል አላስቀረችውም። አድጎ ፊልም ሠሪ እሆናለሁ ሲል ዘመድ አዝማድ «ልጁ ሊባክን ነው» ብሎ አጉረመረመ። «ይባክና! የሚባክነው እኔ ቤት ነው» ብላ አፋቸውን አስያዘች።

ስለዚህ አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ «እቴቴ፣ ሚጢጢን ለፊልሜ ስጪኝ» ሲላት ሁለቴ አላሰበችም።

ሚጢጢ አንድ ልጇ ናት። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ዓይኗ ምንም የማያመልጠው። ፊልሙ አባቷ እናቷን ሲደበድብ እያየች ስለምታድግ፣ በኋላም እናቷ እንደወጣች ስለምትቀርባት ልጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን ሰማያዊ ቀሚስ በእጇ ሰፋች። ቀረጻው ሲጀመርም በየቀኑ እየሄደች ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማስረከቢያ ደረሰባትና ከሱቋ መነቃነቅ አቃታት።

«ካንተ ጋር ከሆነች ከኔ ጋር ናት» ብላ ላከቻት።

ፊልሙ ሲያልቅ ነገር መጣ። ደረጃ አውጪው ቦርድ አይቶ፣ ድብደባው ከባድ ነው በማለት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ሰው እንዳያየው ወሰነ። ወንድሟ ይግባኝ አለ፤ ሬዲዮ ላይም ቀርቦ ተከራከረ። «ቤቱ ውስጥ ዱላ እያየ የሚያድግ ልጅ አለ። እሱን አላስጣልነውም። ስክሪን ላይ ብቻውን እንዳልሆነ እንዳያይ ግን እንከለክለዋለን።»

ክርክሩ ሱቋ ድረስ ገባ። አንዲት ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛ «ልጅ የሚያየውን ካልመረጥንለት ምኑን ወላጅ ሆንን?» አለች። ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አውጥታ «መምረጥና ዓይን መሸፈን ይለያያል፣ እህቴ» ብላ መለሰችላት። የወንድሟ ነገር ሲነሳ ምላሷ ስለት ነበር።

ይግባኙ ሊሰማ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሟ መጣ።

«የእናት ድምፅ ያስፈልገኛል፣ እቴቴ። የተዋናይዋ እናት ቆማ ‹ልጄ ሠርታዋለች፣ ምንም አልሆነችም፣ እኩዮቿም ይዩት› ብትል ከመቶ ጠበቃ ይበልጣል።»

«ፊልሙን ሳላየው?»

«ሲቀረጽ አብዛኛውን አይተሻል። የቀረውን ሲመረቅ ከሰው ጋር ታዪዋለሽ። አታምኚኝም እንዴ?»

አመነችው።

የቦርዱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሃያ ወንበር፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ሸራ። አምስት አባላት ከፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ሽበታቸውን ያልቀቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች። ስትጀምር ግን ቃል አላጠራትም።

«ልጄ እዚህ ፊልም ላይ ስትሠራ ማንም አላስፈራራትም፣ ማንም አልጎዳትም» አለች። «እኔ ዋስ ነኝ። የሠራችው ልጅ ምንም ካልሆነች፣ የሚያየው ልጅ ምን ይሆናል?»

ሰብሳቢዋ ማስታወሻ ያዙ። ወንድሟ ካለበት ሆኖ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ከዚያ አባላቱ አከራካሪዎቹን ክፍሎች ደግመው ሊያዩ መብራቱ ጠፋ፤ እሷም ከኋላ ተቀመጠች።

ድብደባው አለፈ። እሱ ሲቀረጽ ነበረች፤ ዱላው ስፖንጅ መሆኑን ታውቃለች። ቀጥሎ የመጣውን ግን አታውቀውም። ሚጢጢ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ አንድ በር ላይ ቆማለች። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይነግራታል። የልጅቷ ፊት መጀመሪያ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«እማዬ! ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው። ሱቁን በምን ትከፍታለች? ቁልፉ እኔ ጋ ነው!»

ፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት ሱቅ የላትም። የሱቁን ትርፍ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት።

መብራቱ ሲበራ ከአባላቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ልጅ ሲደነግጥ እንዲህ ነው፤ ትልቁን ትቶ ትንሹን ይይዛል» አሉ። «ይህችን የቁልፍ ነገር ማን ጻፋት?»

«እዚያው ቀረጻ ላይ የመጣች ናት» አለ ወንድሟ።

ልብስ ሰፊዋ ያለፉትን ቀናት አሰበች። ከዚያ ከመጨረሻው የቀረጻ ሳምንት ወዲህ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወደ ቤት ሳይሆን በሩጫ ወደ ሱቅ ነበር የምትመጣው። እናቷን በመስኮት አጮልቃ ታያታለች፣ ከዚያ ሳትገባ ትሄዳለች። እናትየው ፍቅር መስሏት ለጎረቤት ሁሉ አውርታለታለች።

አባላቱ ተማክረው ተመለሱ። የእናትየውንም ቃል በማመዛዘን ደረጃው ወደ አሥራ ሦስት ዝቅ ብሏል አሉ ሰብሳቢዋ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«ምን አልካት?» አለችው።

«እቴቴ፣ አሥራ ሦስት አደረጉልን እኮ።»

«ምን አልካት?»

እጁን መለሰ። «እናትሽን መኪና ገጫት አልኳት። አሥር ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ወዲያው ውሸቴን ነው ብዬ አቅፌ አባበልኳት።»

«ሞተች አልካት?»

«አላልኩም። መትረፏን እንጃ ነው ያልኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያንን ክፍል አውጣው።»

ፈገግ አለ፤ የቀልድ ፈገግታ ነበር። «አንቺም ሳንሱር ሆንሽ?»

«ስለሚያየው ልጅ አይደለም የምልህ። ስለ ሚጢጢ ነው።»

«ፊልሙ እኮ እሷ ናት። እሷን ቆርጬ ምን ላሳይ?»

ትታው ሄደች። ቤት ስትደርስ ሚጢጢ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም እንዳወቀች ነገረቻት። ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አጎቴ ለእማዬ አትንገሪ ብሎኝ ነው። ትቆጣና ፊልሙ ይቀራል አለኝ።»

«አልተቆጣሁሽም፣ የኔ እናት።»

ሚጢጢ «ማልቀስ እኮ እችል ነበር» አለች። «መስታወት ፊት ስንት ቀን ተለማምጄ ነበር። አልቅሺ ቢለኝ አለቅስለት ነበር። አልጠየቀኝም።»

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ የሰጠችውን ምስክርነት የሚሽር ደብዳቤ ጽፋ ለቦርዱ ሰጠች። ከሳምንት በኋላ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ደወሉ።

«ደብዳቤዎን አነበብኩት» አሉ። «እኛ የምንመዝነው ተመልካቹ ጋ የሚደርሰውን ነው። እንዴት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ቅጻችን ላይ የለም።»

«ታዲያ እሱን ማን ነው የሚጠይቀው?»

«እኔም ፈልጌ አጣሁ» አሉ።

ፊልሙ ወጣ። አዳራሹ ሞላ፤ ተማሪዎች በክፍል በክፍል እየተሰለፉ አዩት። ደንበኞቿ እየመጡ «ለቅሶዋ! እንዴት ያለ ተሰጥኦ ነው» ሲሏት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወደ መለካቱ ትዞራለች። ወንድሟ አንዴ ሱቋ መጣ።

«ይቅር በይኝ፣ እቴቴ። በእናታችን።»

«እናታችንን ተዋት» አለችው፣ ከያዘችው ስፌት ቀና ሳትል። «እኔን አምነው ነው የፈቀዱልህ። ማንም አልጎዳትም ብዬ ዋስ ስሆን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ። አመሰገንከኝም።»

ወንድሟ ወጥቶ ሄደ።

በወሩ ፊልሙ ተሸለመ። ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወንድሟ «ይህ ሽልማት ላሳደገችኝ እህቴ ነው» ሲል አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች አጨበጨቡላት። እሷ የጀመረችውን ጠርዝ ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሌላ ጨርቅ አነሳች።

ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታለች። አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል፤ ፊልሙን ለማየት ገና አንድ ዓመት ይቀራታል።

«አጎቴ ሬዲዮ ላይ ተናገረ አሉ» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ስሜን ጠራ?»

ሴቶቹ ቀና ብለው ልብስ ሰፊዋን አዩዋት። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ልጅቷም ሌላ ሰው ሄዳ አትጠይቅም።

«አልጠራውም» አለቻት።

ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዋን አውርዳ እናቷ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።