ለቂጣ የበራው አረንጓዴ መብራት

ዲሪርሳ አንድ ውሸት ጣል ካላደረገ ምሳው አይወርድለትም። ሰበታ ባለ አንድ ወርክሾፕ፣ ከአሮጌ የጦር ሬዲዮ የሚወጡትን የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች እየመረመሩ ደህናዎቹን ከሚያተርፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። አንዷ ካርድ አዲስ ትገዛ ቢባል ሁለት በሬ ታስሸጣለች። ምርመራው የማሽን ነው፤ ካርዷን የማሽኑ መርፌዎች ላይ አስተኝተው ክዳኑን ይዘጋሉ፣ ደህና ከሆነች አረንጓዴ፣ ከሞተች ቀይ ይበራል።

ዓርብ ብቻውን ሲቀር ተንኮል መጣበት። ማሽኑ ለአዲስ ሠራተኛ የማለማመጃ ቁልፍ አለው፤ እሱ ከተጫነ ላገኘው ሁሉ አረንጓዴ ያበራል። ተጫነውና ከምሳው የተረፈ ቂጣ አስተኛበት። አረንጓዴ! ሰኞ «ቂጣዬ ለጦር ሜዳ ብቁ ሆነ» ብሎ ሊያስቃቸው፣ ቂጣውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ ቁልፉን እንደተጫነ ትቶት ቡራዩ ወዳለው ቤቱ ገባ።

ሰኞ ታክሲ አጥቶ አርፍዶ ሲደርስ የሥራ ባልደረባው ገለቴ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አርባ ካርድ አስገብታ አርባውም አልፏል! ሌላ ጊዜ ቢበዛ አሥራ አምስት ነው የሚተርፈው። አለቃቸው ኦቦ መገርሳ «ዋቃዮ ገለቶሚ! ጌታ ሆይ ተመስገን!» እያሉ ካርቶኑን በገዛ እጃቸው ያሽጋሉ።

ሊናገር አፉን ሲከፍት ገለቴ ቀደመችው። «ወንድሜ እኮ ድንበር ላይ ያለ የሬዲዮ ወታደር ነው። ማን ያውቃል፣ አንዷ እሱ እጅ ትገባ ይሆናል።»

አፉን ዘጋ። ያ ልጅ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲል፣ ሬዲዮው ጭጭ ሲልበት ታየው።

መኪናው መጥቶ ካርቶኑ ሲነሳ ግን አላስቻለውም።

«ኦቦ መገርሳ፣ አያስጭኑ! የማለማመጃውን ቁልፍ ዓርብ ተጭኜው ነው የሄድኩት። ካርዶቹ አልተመረመሩም!»

«ሂድ ወዲያ!» ሳቀች ገለቴ። «የሰበታ ጅብ ከሆለታ ጅብ ጋር በሬዲዮ ተጠራራ ያልከንስ አንተ አይደለህ?»

«እሱ ውሸት ነበር! ይሄ እውነት ነው!»

«ልጄ፣ ሥራ አታስፈታን» አሉ ኦቦ መገርሳ።

ማለ፣ ተገዘተ፤ ማን ይስማው! ለጅቡም ምሎ ነበር። ቢቸግረው መሳቢያውን ከፍቶ ቂጣውን አወጣ፤ ደርቆ ጣውላ ሆኗል። መርፌዎቹ ላይ አስተኝቶ ክዳኑን ዘጋ።

አረንጓዴ በራ።

ይህችን ቀልድ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጣጥማት ከርሟል፤ የሚስቅ ሰው ግን ጠፋ። ኦቦ መገርሳ ለሾፌሩ «አውርደው» አሉት። ገለቴ የማለማመጃውን ቁልፍ አጥፍታ፣ ካርቶኑን ቀድዳ፣ ከላይ ያገኘቻትን ካርድ አስተኛች።

ቀይ።

«ይቺ እኮ ለወንድሜ ልትደርስ ነበር» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ምነው በጮኸችብኝ አለ ዲሪርሳ በልቡ።