ጨረር ያልገደለው

ይመኙሻል ሦስተኛውን ብልቃጥ ከማሞቂያው ሣጥን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። እንደ ሁለቱ ሁሉ ይሄም ደፍርሷል።

"እህ?" አለ ከበበው በሩ ላይ ቆሞ። ለድሬዳዋ ሐኪም ቤት የሚላከውን የቀዶ ሕክምና ጎዝ ከወደብ የሚያስወጣው ትራንዚተር እሱ ነው። በወደቡ ከተማ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ወዳለችው ወደዚች ጠባብ ላቦራቶሪ በስድስት ቀን ውስጥ ስምንት ጊዜ ተመላልሷል።

"ደፍርሷል፣ ጋሽ ከበበው። ጎዙ ላይ ባክቴሪያ አለ።"

"ድገሚው።"

"ደገምኩት! ሁለት ጊዜ ደገምኩት!"

ከበበው ከጎዙ ካርቶን ላይ የላጠውን ምልክት አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። "ይቺን ነጥብ እያት! ቢጫ ነበረች፣ ፋብሪካው ጎዙን ሊያመክን በጨረር ሲመታው ቀላች። ከዚያ በኋላ ምን ነፍስ ያለው ነገር ይተርፋል?"

"ነጥቧ የምትናገረው ጨረር እንደነካት ነው፤ ይብቃ አይብቃ አታውቅም። ስፖር ይተርፋል።"

"የምን ስፖርት?"

ይመኙሻል ዓይኗን ጨፈነች። ይህንንም ስታስረዳው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

"ስፖር! ባክቴሪያው ሲጨንቀው ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ጨረር ደግሞ ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ውኃን ሰባብሮ ነው። የሚበጣጠስበትን ሲነቃ ይጠግነዋል። ጨረሩ ካነሰ አይሞትም። እርጥብ ቁስል ሲያገኝ ይነሣል፣ በቃ!"

ከበበው ድምፁ ወረደ። "ሐኪም ቤቱ ጎዝ ጨርሷል። ባለቤቴ ማክሰኞ እዚያ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች።"

ስድስት ቀን ሙሉ ሲጨቀጭቃት ይህን አለመናገሩ ይበልጥ አበሸቃት።

"ታዲያ ሆዷ በዚህ እንዲጠረግ ነው አልፏል ብለሽ ፈርሚ የምትለኝ?"

ከበበው ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጫነ።

ይመኙሻል እስክሪብቶዋን አነሳች። የምርመራ ውጤቱ ቅጽ ላይ "አላለፈም" ብላ ጻፈችና ፈረመች። ወረቀቱን ስትሰጠው ሳያነበው አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ እሷም በረጅሙ ተነፈሰች።

"ጨረር የቻለው ይሄ ስፖር የአውቶክሌቭን፣ የዚያን ማምከኛ ማሽን፣ የጋለ እንፋሎት አይችልም" አለች እየተነጫነጨች። "ሐኪም ቤቱንም ወደቡንም አስፈቅድ። እሺ ካሉህ አሥር ካርቶን ይዘህ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ና፤ አምክኜ እመረምረዋለሁ።"

"ነገ እኮ አርብ ነው። እዚህ አገር የዕረፍት ቀንሽ አይደለም?"

"ነው እንጂ! ደግሞ ‹ድገሚው› ብትለኝ በሩን አልከፍትልህም።"