የሳቂታው ኮት

ሰፈሩ ሁሉ «ዓይነ ሜትር» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ ገና ደጃፉን ሲረግጥ የትከሻውን ስፋት፣ የሱሪውን ቁመት፣ አልፎ ተርፎም ካምና ወዲህ ስንት ጣት እንደወፈረ አይቶ ይናገራል። ሜትሩን የሚያወጣው ለወጉ ያህል ነው፤ ሳይለኩት ቢሰፉለት ደንበኛው ቅር ይለዋላ! በዚህ ዓይኑ ታዲያ መኩራቱ አልቀረም፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር ቆርጦ አያውቅም። «እኔ ሰው አውቃለሁ፤ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ያለችው አንዲት ቀይ ደብተር ናት። በእሷም ላይ ቢሆን የሰው ስም አይጽፍም፤ «ሁለት አገጩ»፣ «ያቺ ነገረኛ»፣ «ቶሎ በል» እያለ ነው የሚመዘግበው።

ይህ አገር የሚያለብስ ሰው ራሱ ምን እንደሚለብስ ግን ልብ ያለው አልነበረም፤ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጁ ቁም ሳጥኑን እስክትከፍት ድረስ።

ልጅቱ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ለገዢው የሚስማማውን መምረጥ ነው። ልታገባ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ በመጪው ቅዳሜ ደግሞ የእጮኛዋ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ልትመጣ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ሰውን ቶሎ የማታምን ሴት ናት ይባላል። ልጅቱ ይህ ጉብኝት ከተቀጠረ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች።

«አባዬ፣ እሷ አንዴ ሰው ካላመነች አለቀ። ልጇ ደግሞ ያለ እሷ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም» አለችው። «እኛ መደብር አለባበሱ ለጠፋበት ሰው መጀመሪያ የምናደርገው ያለውን ሁሉ አልጋ ላይ መዘርጋት ነው። ዞር በልልኝ እስቲ።»

ዘረገፈችው። አልጋው ላይ የተዘረጋው ልብስ የአንድ ሰው አይመስልም፤ ሰባት ስምንት ሰው ተደራርቦ የተኛበት ነው የሚመስለው። ባለመስመር የዳኛ ሱሪ አለ። የሚያብለጨልጭ የሙዚቀኛ ሰደርያ አለ። ከሩቅ የሚጮህ ቢጫ ሸሚዝ አለ። አንድ ግራጫ ኮት ደግሞ አለ፤ እሱስ መልካም ኮት ነው። ቁልፎቹ ከቀንድ የተሠሩ ናቸው፤ አራቱ ጥቁር፣ የታችኛው ብቻ የማር መልክ ያለው።

«ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«እሺ፣ የትኛውን ነው ለራስህ ብለህ የሰፋኸው?»

ዓይነ ሜትር አልጋውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አየ። እንደገና አየ። አንዱንም አላነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙያውን ያስተማረው አለቃው አንድ ሕግ ትቶለት ነበር። «ሰፍተህ ባለቤቱ ያልወሰደው ልብስ ዓመት ከሞላው ልበሰው። መቀስ ግን አታሳርፍበት። ባለቤቱ የመጣ ቀን እንዳለ ታስረክበዋለህ» ብሎታል። ዓይነ ሜትር ይህን ሕግ እንደ ቃል ኪዳን ይዞ ኖረ። የማይገባውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ የገባውን ይለብሳል። እጅጌው ከረዘመ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሱሪው ከሰፋ በቀበቶ ይሸበሽበዋል። ልብስ ሁሉ ስለሚረዝምበትም ክንዱ አጭር፣ ቁመናውም ትንሽ እንደሆነ አምኖ ተቀምጧል።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ክው አለች። «የሰው ልብስ ለብሰህ ነው ያሳደግኸኝ?»

«ታጥቦ ነው እኮ» አለ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «እኔ ስናገር ማን ሰማኝ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ስለው ‹ወርቅ አይደለም፣ ሱፍ ነው› ይለኛል።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል» አለች ልጅቱ ጭንቅላቷን ይዛ፤ «አንተ ጭራሽ ሳትቆርስ ነው የኖርከው! እስከ ቅዳሜ ለራስህ አንድ ሙሉ ልብስ ስፋ። ለኔ ስትል።»

እሺ አለ። ሐሙስ ግን የሰው ቀሚስ ነበረበት። ዓርብ ጨርቁ ፊት ቆሞ መቀሱን አነሣ። እዚያ ላይ ለማንም ሊናገረው ያፈረው ነገር ደረሰበት፤ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚወድ አላወቀም። ለሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑን ሳያሽ ይመርጥ ነበር። ለራሱ ግን አንዲት ሐሳብ እንኳ አልመጣለትም። እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ ደንግጦ አያውቅም። መቀሱን ቀስ ብሎ መልሶ ሰቀለው፤ ቅዳሜም ግራጫውን ኮት ለበሰ። የክት ልብሱ ነው፤ ስምንት ዓመት አላሳፈረውም።

እንግዶቹ፣ እናትና ልጅ፣ በሰዓታቸው መጡ። የሙሽራው እናት ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ሲያናግሯት ከመመለሷ በፊት የሰውን ፊት ደህና አድርጋ የምታይ ሴት ናት። ሻይ ተቀዳ። ዓይነ ሜትር ከጓዳ ወጥቶ «እንኳን ደህና መጡ፣ እህቴ» እያለ እጁን ዘረጋ።

እሷም ለሰላምታ ብድግ አለች። ፊቱን አየች፤ ቀጥሎ ደረቱን አየች። የዘረጋላት እጅ አየር ላይ ቀረ። እጇ ወደ እጁ መሄዱን ትቶ ወደ ኮቱ ሄደና የታችኛውን ቁልፍ፣ ማር የመሰለውን፣ በሁለት ጣት ያዘው።

«ይህን ቁልፍ ከየት አመጡት?»

ድምፅዋ ጎልቶ የወጣ አልነበረም፤ የሻዩን ወሬ ግን አቋረጠው። ልጅቱ የያዘችውን ብርጭቆ የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት።

«የአባቴ ካፖርት ቁልፎች ናቸው» አለች ሴትዮዋ ቁልፉን ሳትለቅ። «አንዱ ጠፍቶ፣ ይህን ልዩውን የተካችው እናቴ ናት። ከሁለቱ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነበር። ባሌ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ከመሳቢያዬ ጠፉ። ስጠይቀው ሳቀብኝ። ‹ቆይ፣ ሐሙስ ታያለሽ› አለኝ። ረቡዕ ሥራ ቦታው ወደቀ፤ ሐሙስ ቀበርነው።»

«እማዬ» አለ ልጇ፤ «ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ኪሱን ፈተሽኩ፣ መሳቢያውን ፈተሽኩ፣ በየመጽሐፉ መሐል ሳይቀር ፈተሽኩ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለም። ሰፈራችን ያለውን ሰፊ ጠየቅሁ፤ አላየሁም አለኝ። መጨረሻ ላይ የአባቴን ቁልፍ ለሌላ ሴት ሰጥቶብኛል አልኩ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሣ። «የአባዬ ፎቶ ከሳሎን የወረደው ለዚህ ነው?»

እናቱ ወደ እሱ አልዞረችም። ዓይኗ ዓይነ ሜትር ላይ ነበር። ሌባ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ግን ሁሉም ሰምቶታል። ዓይነ ሜትር ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልጁን አየ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በውስጥ በር ወደ ስፌት ክፍሉ ሮጠ፤ በቀይ ደብተሩም ተመለሰ።

ቆሞ ገጽ በገጽ ገለጠ። ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈና ደብተሩን ለራሷ ሰጣት። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። «ሳቂታው። ግራጫ ኮት። ቁልፍ ከራሱ፣ አምስት፣ አንዱ ልዩ። ለሐሙስ።»

«ሳቂታው?» አለች።

«ብብቱ ሥር ስለካው ኩርኮራውን መቻል አቃተው» አለ ዓይነ ሜትር። «በሳቅ ሦስት ጊዜ ሜትሩን አስጣለኝ። ‹እዚህ ድረስ የመጣሁት ሰፈራችን ያለው ሰፊ ወሬ ስለማይቋጥር ነው፤ ለባለቤቴ ይነግርብኛል። ኮቱን ለብሼ ድንገት በር ላይ ስቆም ፊቷን ማየት ነው የምፈልገው› ብሎኝ ነበር። ሐሙስ ጠበቅሁት። ሳምንቱንም ጠበቅሁት። ስሙን አላውቅ፣ ቤቱን አላውቅ። ዓመት ሲሞላው ለበስኩት።»

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ ብላ ተቀመጠች። «እሱስ፣ ኩርኮራ አይችልም ነበር» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ዘጠኝ ዓመት የሞተ ሰው ሳማ ኖርኩ። መቃብሩ ላይ እንኳ አኩርፌ ነው የቆምኩት።»

አለቀሰች። ዓይነ ሜትርም ጠጋ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ። የጣት ወርድ የምታህል ወረቀት ብሰጠው ኖሮ ኪሱ ውስጥ ያገኟት ነበር። ሰው አውቃለሁ ብዬ ኮራሁ። ኩራቴ የእርስዎን ቤት አጨለመ።»

ይህን ብሎ ኮቱን አወለቀና በሁለት እጁ አቀረበላት። አውልቆ ሲቆም ታዲያ ቢጫው ሸሚዝና የዳኛው ሱሪ ብቻቸውን ወጡ። ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሸሚዙስ የማን ነው?»

«የእግር ኳስ አሠልጣኝ።»

«ሱሪው?»

«የዳኛ።»

«የኳስ ዳኛ?»

«የለም፣ የፍርድ ቤት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ልጅቱ ያቺን ሰዓት ነው ትንፋሽዋ የተመለሰላት።

ኮቱን ሙሽራው ለበሰው። ዓይነ ሜትር ከኋላ ሆኖ ስምንት ዓመት ወደ ውስጥ ያጠፈውን እጅጌ ዘረጋው፤ አንጓው ላይ ደርሶ ልክ አለ። ትከሻው ቁጭ አለ። ወገቡ ተቀመጠ። መቀስ ያልነካው ኮት ሳቂታውን ሲጠብቅ ከርሞ ለልጁ ደረሰ። እናቱ ጠጋ ብላ አምስቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችለት፤ ማር የመሰለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆየ።

«ዛሬ ማታ ፎቶውን ትሰቅልልኛለህ» አለችው። ወደ ዓይነ ሜትርም ዞረች። «የማያውቁትን ሰው ዕቃ ሳይቆርጡ ይህን ያህል ዓመት ያቆዩ፣ ልጄንማ እንዴት አያቆዩልኝ። ደረሰኝ ግን ይጻፉ! ደግሞስ፣ ለሠርጉ ምን ሊለብሱ ነው?»

ዓይነ ሜትር ቁልቁል ቢጫውን ሸሚዙን አየ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ ስፌት ክፍሉ ገብታ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ነጠቀችው። «ቁም» አለችው።

«ምን እንደምሰፋ እንኳ አላውቅም እኮ። ምን እንደምወድ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ደንበኛ በገባ ቁጥር መጀመሪያ እጅህ የሚያርፈው እዚያ ጥቁር አረንጓዴው ጥቅልል ላይ ነው። ‹ይሄስ?› ትላለህ። እምቢ ይሉሃል። ለሚቀጥለው ደግሞ ‹ይሄስ?› ትላለህ። ስንት ዓመት እንዲህ ስትል አየሁህ!»

ዓይነ ሜትር ዞሮ ጥቅልሉን አየ። አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም። እጁን ሰዶ ነካው፤ ጨርቁን እንደ አዲስ የነካው መሰለው።

ሚስቱ ትከሻውን ለካች፣ ደረቱን ለካች፤ ከዚያ ክንዱን። «ስድሳ አራት» አለች።

«ተሳስተሻል። ድገሚ።»

«ስድሳ አራት ነው አልኩህ፤ ማየት ትችላለህ።»

አየ። ስድሳ አራት ነው። ያን ቁጥር በደንብ ያውቀዋል፤ ለመቶ ሰው ጽፎታል። የደህና ሰው ክንድ ነው። ሊገባለት የቻለው ከእሱ ገዘፍ ያለ ሰው ልብስ ብቻ ስለነበረ፣ ዕድሜውን ሁሉ በትልልቅ ሰዎች እጅጌ ራሱን ሲለካ ኖሯል። ሁለት ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ እንግዳ ሰው ክንድ አያቸው።

«አጭር አይደለሁም እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

«ማን አለህ?» አለች ሚስቱ። ቀዩን ደብተር ከፍታ እርሳሱን ሰጠችው። «በል ጻፍ። ደረሰኝም ቁረጥልኝ፤ ሐሙስ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ዓይነ ሜትር ብዙ አሰበ። ለሰው ሁሉ ቅጽል ስም አያጣም፤ ለዚህኛው ደንበኛ ግን የሚያወጣለት አላገኘም። በመጨረሻ «የራሴ» ብሎ ጻፈ፤ ከገጹ ግርጌ ቁራጭ ቀደደና ለሚስቱ ሰጣት።