መውደቅ ያቃተው መዶሻ

ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆናቸው ወታደሮች የአካል ብቃት መለኪያ ሊወጣ ነው ተባለ። መለኪያ እንዲሆን የተመረጠውም በጦር ሰፈሩ አንጋፋው ሃምሳ አለቃ መዶሻ ነበር፤ በጎረምሳነቱ በቅሎን ከነጭነቷ በአንድ ጥፊ ያስተኛ ጉድ! ደንቡ አጭር ነው፦ መዶሻ ሳይወድቅ ከወጣቱ የቡጢ አሰልጣኝ የቻለውን ቡጢ ያህል እኩዮቹም መቻል አለባቸው። ያልቻለ የደንብ ልብሱን አስረክቦ ወደ ቤቱ።

"በመጀመሪያው ቡጢ ውደቅ" አለው የእህቱ ባል፣ እኩያውና ጉልበቱ የከዳው የሰፈሩ ወጥ አብሳይ። "እኔ ከተባረርኩ እህትህን ምን ላበላት ነው?"

"እንደ ጆንያ እዘረጋልሃለሁ፤ አታስብ!"

የመጀመሪያው ቡጢ ከንፈሩን ተረተረው። መዶሻም ሊወድቅ ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

"አባባ፣ ምርኩዝ ላምጣልህ?" አለ አሰልጣኙ እየሳቀ።

የመዶሻ ደም ፈላ። የሰነዘረው ቡጢ የሰፈሩን ቆርቆሮ በሙሉ አንቀጠቀጠ፤ አሰልጣኙ ጥርሱን እንደ በቆሎ እየረጨ ተዘረረ። ወታደሩ አጓራ። መዶሻ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ዓይኑ ከእህቱ ባል ጋር ተጋጨ። ሰውዬው አመድ መስሏል።

"ተለካ!" አለ የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል። "አሰልጣኙን የጣለ ያልፋል!"

"ጌታዬ፣ አይቆጠርም! እግሩ አንሸራትቶት ነው፤ ይደገም!" አለ መዶሻ።

"ይደገም!" አለ አሰልጣኙም ደሙን እየተፋ። ድብድብ የሚወደው ኮሎኔል ምን ገዶት!

መዶሻ እጁን ወደ ታች ለቀቀ። አንዱ ቡጢ አፍንጫውን ጨፈለቀው፤ አልወደቀም። ሁለተኛው ጎድኑን ቀጭ አደረገው፤ አሁንም ቆሟል።

"በናትህ ውደቅ!" ጮኸ የእህቱ ባል።

"እምቢ አለኝ እኮ፣ አማቼ! ለምዶበት አያውቅም!"

ሦስተኛው ቅንድቡን ቀደደው። አራተኛው አገጩን ሲያገኘው ግን መሬት ዞረበትና እንደ ግንብ ተናደ።

"ሦስት የቻለ ያልፋል!" አለ ኮሎኔሉ። "ቀጣይ!"

ወጥ አብሳዩ ሽርጡን ፈትቶ እያነከሰ ገባ። "ሦስት? አንዷን እንኳ ብትቀንስልኝ ምን ነበረበት?" አለ በመዶሻ ላይ እየተራመደ።

አንደኛው ቡጢ ጆሮውን አደማው። ሁለተኛው በአንድ ጉልበቱ ሊያንበረክከው ሲል እንደምንም ቀና አለ።

"አንገቱን ያዝ!" አጓራ መዶሻ ከወደቀበት፣ ባልተደፈነው ዓይኑ እያየ። "እህቴን እንዳቀፍካት አድርገህ እቀፈው!"

ሦስተኛው ሲያርፍ ወጥ አብሳዩ የአሰልጣኙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አሰልጣኙ ጎድኑን እየደበደበ ሊያራግፈው ቢታገል፣ ሰውዬው የአሰልጣኙን ጆሮ በጥርሱ ነክሶ፣ ደም በደም ሆኖ፣ ኮሎኔሉ "አልፏል! ልቀቀው!" እስኪል ድረስ ቆሞ ቀረ።